የእግዜር መሳቢያ

ኮርፖራል ጆይስሊን ኳሚና ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ዩኒፎርሟን ሁለት ጊዜ ተኮሰች። የባላታ ቤይ ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ዓመት ስብሰባ ነበር። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦፍ ስፔን አንዲት ከፍተኛ መኮንን፣ ሱፐርኢንቴንደንት፣ ትመጣለች ተብሏል፤ ይዛ የምትመጣው ወሬም ቀድሟት ደርሷል። በጣቢያው አስገድዶ መድፈርንና መሰል ጉዳዮችን ብቻ የሚይዝ ክፍል ሊከፈት ነው፤ ኃላፊው ሳጅን ይሆናል። ኳሚና ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚህን ጉዳዮች ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። የሳጅንነቱን ሦስተኛ ጭረት እጅጌዋ ላይ ለመስፋት የቀራት መርፌና ክር ብቻ ይመስላት ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር ቤኖዋ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጠፈና በብዕሩ ጫፍ ቀዩን መስመር ወጋ ወጋ አደረገው።

«እዩት! አምና በስድስት ወር አምስት አቤቱታ። ዘንድሮ በስድስት ወር ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት! ምን ሆነን ነው? ወንዱ ሁሉ አብዷል ወይስ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ተለውጧል?»

ፖሊሶቹ ሳቁ። ኳሚና አልሳቀችም፤ ደስ ግን አላት። ከሃያ ሦስቱ ዐሥራ ዘጠኙን የተቀበለችው እሷ አልነበረችም። የተቀበለችው ኮንስታብል ናሊኒ ሲቻራን ነበረች፤ ከመሀል አገር ከሸንኮራ እርሻው ሰፈር ተዛውራ ከመጣች ዘጠኝ ወር ያልሞላት፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ።

«ይሄን ደግሞ ተመልከቱልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ሰማያዊው መስመር ዞሮ። «የተዘጋ ጉዳይ። ኮርፖራል ኳሚና በያዘችበት ዘመን ከመቶ ዘጠና። ዘንድሮ ከመቶ አርባ። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄን ወረቀት ይዤ ማን ፊት ልቁም?»

ናሊኒ አንገቷን ደፋች። ኳሚና በልቧ እሰይ አለች። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የነበረችው የዋና ከተማዋ እንግዳ፣ ሱፐርኢንቴንደንት ጊተንስ፣ መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ ቆየችና ጠየቀች።

«ኢንስፔክተር፣ ‹የተዘጋ› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያለቀ ማለት ነው፣ እመቤት።»

«በምን ያለቀ? በክስ?»

«በክስም… በሌላም።»

«አምና ዓመቱን ሙሉ ከመጡት ዐሥር ጉዳዮች ዘጠኙ ተዘግተዋል። ከዘጠኙ ስንቱ ፍርድ ቤት ደረሰ?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኳሚና አየ። ኳሚና ጫማዋን አየች።

«አንድም አልደረሰም» አለ።

«ዘንድሮስ?»

«ሰባት።»

ሴትዮዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ስለዚህ አምና ዘጠኝ ሰዎች በነጻ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ዘንድሮ ሰባት ተከሰሱ። አንተ የምታዝነው በየትኛው ነው?»

እንደ ቤኖዋ ያለ አዛዥ በየአገሩ ሞልቷል። የትኩሳት መለኪያውን ሰብሮ በሽተኛው ዳነ የሚል ሐኪም ነው። ቁጥር ሲወርድለት ወንጀል የወረደ ይመስለዋል፤ ኧረ አይመስለውም፤ እንዲመስል ግን ይፈልጋል። የሴቶቹ አፍ ሲዘጋ ሰላም ሆነ ይላል፤ አፋቸው ሲከፈት ደግሞ የሚቆጣው በደፋሪው ሳይሆን በተናገረችው ነው።

«ዐሥራ ዘጠኙን ማን ነው የተቀበለው?» አለች ጊተንስ።

ናሊኒ እጇን አወጣች፤ ያጠፋ ተማሪ መስላ።

«ከምሳ በኋላ እፈልግሻለሁ። እንዴት እንደምትሠሪ ታሳይኛለሽ።»

የኳሚና የቅድሙ ደስታ ጠፋ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደምትሠራ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

*

ቅናት በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ኳሚናንም በአንድ ጊዜ አልያዛት። የጀመራት በምግብ ነው። ናሊኒ በመጣች በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት በእርጎ ዕቃ ማንጎ ይዛ መጣች፤ ጥሬ ማንጎ፣ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት የታሸ። የልጅ ልጇን ጉዳይ ናሊኒ ይዛላት ነበር። አሮጊቷ በኳሚና ጠረጴዛ ፊት ለፊት አልፋ፣ «ልጄ የት አለች?» ብላ ጠየቀች።

«የትኛዋ ልጅዎ?» አለች ኳሚና።

«ያቺ ቀጭኗ። የምትሰማዋ።»

የምትሰማዋ! ታዲያ እኔ ደንቆሮ ነኝ? አለች ኳሚና በልቧ። ማንጎው በናሊኒ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ናሊኒ ለሁሉም አዳረሰች፤ ለኳሚናም ቀድማ አቀረበችላት። ኳሚና ሆዴን አሞኛል ብላ እምቢ አለች። የማንጎው ሽታ ግን ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ዋለ።

ከዚያ ወዲህ መቁጠር ጀመረች። ናሊኒን ፍለጋ የመጣ ሰው ስንት ነው? በስልክ ስሟን የጠራ ስንት ነው? ገበያ ውስጥ ሰላም ያላት ማነው፤ እኔንስ አይቶ ፊቱን ያዞረ ማነው? በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ የመዘምራኑ መሪ ታንቲ ቨርና፣ ታንቲ እዚያ እትዬ ማለት ነው፣ ክንዷን ይዛ፣ «ጆይስሊን፣ ያቺ የህንድ ልጅ እንዴት ያለች ናት እባክሽ! ከየት አገኛችኋት?» አለቻት።

«ከሰማይ ወረደች» አለች ኳሚና፤ ክንዷንም መንጭቃ አስለቀቀች።

ከሁሉ የባሰው ግን የሸርማ ሌዛማ ነገር ነበር። ሸርማ ከጣቢያው ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ ዳብልስ ትሸጣለች፤ በሽምብራ ወጥ የተሞላ ለስላሳ ጥብስ ቂጣ ነው፣ ፖሊሶቹ ሁሉ ቁርሳቸው እሱ ነው። ሸርማ ለሁሉም ትሸጣለች። ለኳሚና ግን ሁልጊዜ «አልቋል» ነው። ድስቱ እየጨሰ አልቋል፤ ቂጣው ተከምሮ አልቋል። አራት ዓመት ሙሉ አልቋል። የጣቢያው ሰዎች ይስቁ ነበር፤ ኳሚናም ቀልድ አስመስላ፣ «ወፍሬያለሁ፤ ሸርማ የምታስብልኝ ለጤናዬ ነው» ትል ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ልቧ ያውቃል፤ ለማንም አልተናገረችውም።

ምክንያቱ ያለው በመዝገብ ቤቱ ቁምሳጥን፣ በታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ፖሊሶቹ «የእግዜር መሳቢያ» ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባላታ ቤይ የተበደለች ሴት ጣቢያ ትመጣለች፤ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ ታለቅሳለች፤ ስሙን ትናገራለች፤ በመጨረሻም እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ «ለእግዜር ትቼዋለሁ!» ትላለች። ኳሚና ይህን በሰማች ቁጥር በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ፣ «ውጤት» በሚለው ሥር፣ «ለእ» ብላ ሁለት ፊደል ትጽፋለች። ለእግዜር ማለት ነው። ተበዳይዋ በፈቃዷ ትታለች፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያ ዓመት ኢንስፔክተሩ ያንን ገጽ አይቶ፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ መዝገብ ነው!» ብሎ ነበር። እሷም መዝገቧን ንጹሕ አድርጋ ኖረች። አርባ አንድ ፋይል። እግዜር በባላታ ቤይ አርባ አንድ ጉዳይ ይዟል፤ እስካሁን አንድ ሰው አልከሰሰም።

ናሊኒ እንዴት እንደምትሠራ ኳሚና የሰማችው በአጋጣሚ ነው አይባልም። ቃል መቀበያው ክፍል በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ነው፤ ኳሚና አንድ ቀን ወረቀት የምትፈልግ መስላ ከግድግዳው ወዲህ ቆመች። ውስጥ አንዲት የዓሣ ነጋዴ ነበረች። ተናገረች፤ አለቀሰች፤ በመጨረሻ እንደተለመደው፣ «በቃ፣ ለእግዜር ትቼዋለሁ!» አለች።

ኳሚና ብዕር ሲከደን ለመስማት ጆሮዋን ጣለች። የሰማችው ግን የናሊኒን ድምፅ ነው።

«ይቅርታ ታንቲ፣ እኔ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለሁም። እኛ ዘንድ እንዲህ ከተባለ መተው ማለት ነው። እዚህስ ምን ማለት ነው?»

ከዚያ የዓሣ ነጋዴዋ ፈነዳች።

«መተው? ማን ተወው! ዋጋውን ይክፈል ማለት ነው! የሥራውን ያግኝ ማለት ነው!»

«እንዴት ነው የሚከፍለው?»

«በፍርድ ቤት ነዋ! በምን ሊከፍል ኖሯል፣ በዓሣ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሴትዮዋ እያለቀሰች። ከዚያ የናሊኒ ብዕር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ለአንድ ሰዓት አላቆመም።

ኳሚና ወረቀቷን ሳትይዝ ወጣች። ጉንጯ ይነድ ነበር። ጥያቄዋ ይህች ናት? የሕፃን ጥያቄ! ምን ማለትሽ ነው ብሎ መጠየቅ! ኳሚና የዚሁ ሰፈር ልጅ በመሆኗ ጠይቃ አታውቅም፤ ምክንያቱም መልሱን ታውቀዋለች።

ታውቀዋለች። እናቷ ኤውዶራ ኳሚና፣ ጎረቤት አጥሩን ገፍቶ መሬቷን በቆረሰባት ጊዜ፣ መንገድ መሀል ቆማ እጇን አንሥታ፣ «ለእግዜር ትቼዋለሁ!» ብላ ጮኻ ነበር። በማግሥቱ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ ወደ ፍርድ ቤት መንገድ ገባች። ጎረቤትየውም ቃሉን በሰማ ጊዜ ይቅር ተባልኩ ብሎ አልተኛም፤ ጠበቃ ፍለጋ ነው የሄደው። በባላታ ቤይ ይህ ቃል ይቅርታ ሆኖ አያውቅም። ዛቻ ነው፤ የክስ መክፈቻ ነው። ይቅርታ የሚሆነው በኳሚና መዝገብ ውስጥ ብቻ ነበር።

*

ከስብሰባው በኋላ በሦስተኛው ቀን ናሊኒ አንድ ፋይል ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ ኳሚና ጠረጴዛ መጣች። ቁጥር ዐሥራ ሰባት። የእግዜር መሳቢያ አቧራ ጀርባው ላይ ነበር።

«ኮርፖራል፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው። ሸርማ ሌዛማን ያስታውሷታል?»

«ዳብልስ የምትሸጠዋን? ለኔ መቼ ሸጣልኝ ታውቅና ነው የማስታውሳት!»

ናሊኒ አልሳቀችም። «ባለፈው ሳምንት መጥታ ቃሏን ሰጠችኝ። በዴንዚል ፕሬስኮድ ላይ።»

ፕሬስኮድ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ በየቀኑ በጣቢያው ፊት ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል። ኳሚና በመኪናው ስንት ጊዜ ተሳፍራለች።

«ታዲያ ቃሏን ከሰጠችሽ እኔ ምን አገባኝ?»

«ምስክሮች አሉ፤ የክሊኒኩም ወረቀት አለ። ዐቃቤ ሕግ ለመክሰስ ዝግጁ ነው። ግን የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው ከአራት ዓመት በፊት ጉዳዩን ራሷ ትታዋለች የሚለውን ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ…» ፋይሉን ገልጣ አሳየቻት። «ለእ። በእርስዎ እጅ ጽሑፍ። ያን ቀን ያለችውን፣ ቃል በቃል፣ እርስዎ ቢጽፉልኝ ነው።»

«የጻፍኩት ተጽፏል።»

«የተጻፈው ሁለት ፊደል ነው።»

«ሁለት ፊደል ማንበብ ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም እንዴ?»

«አስተምረውኛል። የእግዜርን ፊርማ ነው ያላስተማሩኝ።» ናሊኒ የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት። «ይቅርታ፣ ኮርፖራል። እንዲህ ማለቴ አልነበረም።»

«እንዲያ ማለትሽ ነበር» አለች ኳሚና። «ሂጂ አሁን። አየዋለሁ።»

ናሊኒ ሳትርቅ ኢንስፔክተር ቤኖዋ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ኳሚናን በጣቱ ጠራት። ገብታ በሩን ዘጋች።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ነገሩ ቀላል ነው፣ ጆይስሊን። አንድ መስመር ትጽፊያለሽ፤ ‹ተበዳይዋ በፈቃዷ ትታለች።› አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠበቃው ያቺን መስመር ያነባታል፤ ክሱ ይወድቃል። ጊተንስ ወደ ላይ ከፍ ከፍ ያደረገቻት ልጅ በመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይዋ ወደቀች ማለት ነው። የልጅቷን የሥራ ማኅደር አስልካ እንደወሰደች ሰምተሻል አይደል? ማንን ሳጅን ልታደርግ የምታስብ ይመስልሻል? ጊዜ ጠብቀው ያሳድጓታል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ትንሽ ትማር። ላንቺም ለኔም ይበጃል። አንድ ክር ከተመዘዘ ሹራቡ ሁሉ ነው የሚተረተረው፤ አርባ አንዱም።»

እንዲህ ነው የሚደረገው። ማንም ሰው ለኳሚና ዋሺ አላላትም። አንድ መስመር ጻፊ ነው የተባለችው፤ ያውም በመዝገቡ ያለውን። ሕግ የሚገደለው በእንዲህ ዓይነት ትሁት አንድ መስመር ነው።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ወረቀት አወጣች። «ተበዳይዋ ሸርማ ሌዛማ ጉዳዩን በራሷ ፈቃድ ትታለች» ብላ ጻፈች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ልትፈርም ብዕሯን ስታስጠጋ ከመስኮቱ ማዶ ሳቅ ሰማች።

ናሊኒ የሸርማ ጋሪ አጠገብ ቆማ ዳብልስ ትበላለች። ሸርማ ከማንኪያ ላይ በርበሬ ጨምራላት ናሊኒ አፏን ከፍታ በእጇ ታራግባለች። ሸርማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ከዚያ አንድ እጇን በናሊኒ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ እዚያም ተወችው።

ያቺ በትከሻ ላይ ያረፈች እጅ ኳሚናን እንደ ጥፊ መታቻት።

ያንን እጅ ታውቀዋለች። ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ ጠረጴዛ ማዶ ማሰሪያው የተበጠሰ አንድ ነጠላ ጫማ ይዞ ነበር። ሸርማ አንድ እግሯን በባዶው ነበር የመጣችው። ተናገረች፤ የፕሬስኮድን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን አነሣች፤ መዳፏን ዘረጋች፤ «ለእግዜር ትቼዋለሁ!» አለች። ኳሚና ሁለቱን ፊደል ጻፈች፤ መዝገቡን ዘጋች።

ሸርማ ግን አልተነሣችም። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። የኳሚናን እጅ፣ ብዕሩን፣ የተዘጋውን መዝገብ ተራ በተራ እያየች ተቀመጠች። ትታለች የተባለች ሴት ለምን ትቀመጣለች? ምን ትጠብቃለች? ኳሚና ያን ጊዜ ሰዓቷን አይታ፣ «በይ እንግዲህ ልጄ፣ እግዜር ይርዳሽ» አለቻት። ሸርማ ጫማዋን አንሥታ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቋል።

ኳሚና ያልፈረመችበትን ወረቀት አየች። እንግዲህ ሕሊናዋ ወቀሳት ብሎ መተረክ ያምር ነበር፤ ግን እንደዚያ አልሆነም። ያሰበችው ሌላ ነው። ይህን ብፈርም፣ አለች፣ ያቺ እጅ ከዚያ ትከሻ ላይ ለዘላለም አትነሣም። ናሊኒ ብትወድቅም የወደቀችው ለነሱ ስትል ነው፤ የበለጠ ይወዷታል። ነገ ዐሥራ ስምንትን ትከፍታለች። ከነገ ወዲያ ዐሥራ ዘጠኝን። አንድ በአንድ አርባ አንዱንም እየጠራች፣ «ምን ማለትሽ ነበር?» እያለች፣ ማንጎውን፣ ዳብልሱን፣ ሳቁን ሁሉ ትወስዳለች። እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የሰማኋቸው! ስማቸውን እኔ ነኝ የጻፍኩት! የእኔ ሴቶች ናቸው!

ወረቀቱን ቀደደችው። ሌላ አወጣች። አሁን የጻፈችው በቁጣ ነው።

«ተበዳይዋ ‹ለእግዜር ትቼዋለሁ› ብላለች። በዚህ ሰፈር ይህ ቃል መተው ማለት እንዳልሆነ በጊዜው አውቅ ነበር። ክስ ትፈልግ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቃሏን ከሰጠች በኋላ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ጠብቃለች። ያሰናበትኳት እኔ ነኝ። ‹ለእ› የሚለው የእሷ ውሳኔ ሳይሆን የእኔ ጽሑፍ ነው።» ፈረመች። ጭረቷን፣ ሹመቷን፣ ንጹሕ መዝገቧን ሁሉ በዚያ ፊርማ እንደቀበረች አውቃለች።

ናሊኒ አፏን እየጠረገች ስትገባ ኳሚና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለችላት። ናሊኒ ቆማ አነበበች። እንደገና አነበበች። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ኮርፖራል፣ ይሄ እርስዎን…»

«ዝም በይ። እንዳታመሰግኚኝ። ካመሰገንሽኝ መልሼ እቀደዋለሁ።»

«እሺ።»

«ለዐቃቤ ሕግ ዛሬውኑ ውሰጂው፤ ኢንስፔክተሩ ሳያየው። ደግሞ አንድ ነገር ስሚኝ፤ ከዚያ መሳቢያ ሌላ ፋይል እንዳትነኪ።»

ናሊኒ ቀና አለች። «ግን ኮርፖራል፣ ሌሎቹም…»

«ሌሎቹ የኔ ናቸው! አንዷን ወስደሻል፤ ይበቃሻል። አርባው የኔ ነው።» የመሳቢያውን ቁልፍ ከግድግዳው አንሥታ ኪሷ ከተተች።

ኢንስፔክተሩ ነገሩን የሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ወርውሮ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲያ «ጆይስሊን» ብሎ አልጠራትም፤ «ኮርፖራል» ብቻ ሆነች፤ እስከ ጡረታዋም ኮርፖራል እንደምትሆን ድምፁ ውስጥ ይሰማ ነበር። ዴንዚል ፕሬስኮድ በማግሥቱ ጠዋት ሚኒባሱን እንዳቆመ ተያዘ። ጡሩንባው ያን ቀን አልተሰማም።

*

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ኳሚና ቁጥር ዐሥራ ስምንትን በብብቷ ይዛ ከጣቢያው ወጣች። መንገዱን ስትሻገር የሸርማ ጋሪ አጠገብ ቆም አለች። ድስቱ ይጨሳል። ቂጣው ተከምሯል። ሸርማ ቀና ብላ አየቻት፤ ናሊኒ ያን የተፈረመ ወረቀት ለሸርማ እንዳነበበችላት ኳሚና ታውቃለች።

«አንድ ስጪኝ» አለች።

ሸርማ ድስቱን ከደነች።

«አልቋል፣ ኮርፖራል።»

ኳሚና ራሷን ነቀነቀችና ሄደች።

የኦዴት ቻርልሮይ ቤት ከዓሣ ገበያው በስተጀርባ ነው። ኦዴት ልብስ ሰፊ ናት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፤ ፋይሏ ከተዘጋ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። የስፌት መኪናዋ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። በሩ ክፍት ነበር።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለች ኦዴት መኪናዋን ሳታቆም። «እኔ ቤት ፖሊስ ምን ይሠራል?»

«ኦዴት፣ ከአራት ዓመት በፊት ጣቢያ መጥተሽ ለእግዜር ትቼዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

መኪናው ቆመ።

«ብያለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነበር?»

ኦዴት ዞረች። የሚሰፋው ልብስ ጭኗ ላይ ወደቀ። «አንቺ የኤውዶራ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጠይቅሻል?»

«ከአፍሽ ልጻፈው ብዬ ነው።»

ኦዴት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ጫማዋን፣ ሁለቱን ጭረቷን፣ በብብቷ ያለውን አቧራማ ፋይል። «አንድ ቀን ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች የህንድ ልጅ ነው። እሷ ትመጣለች ብዬ ነበር። አንቺ ነሽ የመጣሽው?»

ኳሚና ጥርሷን ነከሰች። እዚህም ደርሳለች! እዚህ ጓዳ ድረስ!

«እኔ ነኝ የመጣሁት» አለች። «እሷን ከመረጥሽ እልክልሻለሁ።» ይህን ማለት ሳጅንነቱን ከማጣት በላይ ጎመዘዛት።

ኦዴት በእግሯ አንድ በርጩማ ገፋ አድርጋ ወደ ኳሚና አቀረበችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

«ቁጭ በይ። ይቺን እጅጌ ልጨርስ። ያን ቀን እኔም አንቺ ፊት ተቀምጬ ጠብቄ ነበር፤ አልጠየቅሽኝም። አሁን አንቺ ጠብቂ።»

ኳሚና ተቀመጠች። ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ከፈተች፤ የብዕሯን ክዳን አወጣች። የስፌት መኪናው እጅጌውን ጨረሰ፤ ኦዴት ግን ሌላኛውን እጅጌ አነሣች። ኳሚና ሰዓቷን አላየችም።